በትንሽ ገንዘብ አውሮፓን ለወራት መዞር፦ ሒሳቡ ከየት ይጀምራል?

አውሮፓን በጀርባ ቦርሳ ልዙር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ካርታ ነው። ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ በርሊን፣ ፕራግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ። መስመሩ ካማረለት በኋላ የቲኬት ዋጋ ማሰስ ይጀምራል። ካርታው ግን አንድ ነገር አያሳይም። በአብዛኛው አውሮፓ እንግዳ የሚቆይበት ቀን የተቆጠረ ነው። ቆጠራው ደግሞ ለየአገሩ ሳይሆን ለሁሉም በጅምላ ነው።

ደንቡ አዲስ አይደለም። አዲሱ ቆጣሪው ነው። ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ የሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያነሱት የአውሮፓ አገሮች) ፓስፖርት ላይ ማህተም መምታቱን እየተዉ ነው። በምትኩ የመንገደኛውን የጣት አሻራና የፊት ፎቶ ወስደው መግቢያና መውጫውን ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባሉ። አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ተዘርግቶ በኤፕሪል 2026 ሁሉንም ድንበር እንዲያዳርስ ነው የታቀደው። ድሮ በደበዘዘ ማህተም ሳይታይ ያለፈ አንድ ሁለት ቀን ዛሬ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቪዛ ፎርም ስትሞሉም እንደዚያው።)

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ መስመር፣ ከዚያ ገንዘብ።

ሼንገን የሚባለው ምንድን ነው?

ሼንገን ሉክሰምበርግ ውስጥ፣ ሞዜል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በጁን 14፣ 1985 ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ እዚያው ወንዙ ላይ፣ መርከብ ውስጥ ተሰብስበው በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማንሳት ተፈራረሙ። በተግባር የተነሳው በማርች 1995 ነው። ዛሬ አባላቱ 29 ደርሰዋል። ክሮኤሺያ በ2023 ገባች። ሮማኒያና ቡልጋሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ለሚመጣው በ2024፣ በየብስ ለሚመጣው ደግሞ በጃንዋሪ 2025 ተቀላቀሉ።

ሼንገንና የአውሮፓ ኅብረት አንድ አይደሉም። አየርላንድና ቆጵሮስ የኅብረቱ አባል ሆነው ሼንገን ውስጥ ግን የሉም። ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይን ኅብረቱ ውስጥ ሳይሆኑ ሼንገን ውስጥ አሉ። ብሪታንያ ከሁለቱም የለችበትም። አልባኒያ፣ ሰርቢያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮና ሰሜን መቄዶንያም ከሼንገን ውጪ ናቸው። ይህን ዝርዝር ያዙት፤ ወደ ታች ስንወርድ ብዙ ነገር የሚወሰነው በእሱ ነው።

ዘጠና ቀን የሚባለው እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ሼንገን ውስጥ መቆየት አይቻልም። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው «በየትኛውም» የምትለዋን ዘሎ ስለሚያነብ ነው። ብዙዎች 90 ቀን ጨርሶ አንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን እንደ አዲስ የሚያስጀምር ይመስላቸዋል። አያስጀምርም።

90 ወንበር ያለው አውቶቡስ አስቡ። ሼንገን ውስጥ ያሳለፋችሁት እያንዳንዱ ቀን አንድ ወንበር ይይዛል። የሚወርደው 180 ቀን ሲሞላው ነው። አውቶቡሱ ከሞላ፣ ቀድሞ የተሳፈረው እስኪወርድ ድረስ ለአዲስ ቀን ቦታ የለም። እናንተ የአልባኒያዋ ቲራና ሄዳችሁ ተቀመጣችሁም ለንደን፣ ወንበር የያዙት ቀኖች እዚያው ናቸው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ማርች 1 ሊዝበን ገባ እንበል። ሳይወጣ ከቆየ 90ኛው ቀን ሜይ 29 ነው። የገባበትም የወጣበትም ቀን ይቆጠራል፤ እኩለ ሌሊት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ብታርፉም ያ ቀን ሙሉ ቀን ነው። ሜይ 29 ከወጣ መልሶ መግባት የሚችለው ኦገስት 28 ነው። የማርች 1 ወንበር የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነዋ።

ያው ሰው ጉዞውን ቢከፍለውስ? ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 9 ድረስ 40 ቀን ፖርቱጋል፣ ስፔንና ጣሊያን ይቆያል። ከዚያ አንድ ወር አልባኒያና ሞንቴኔግሮ ያሳልፋል። በዚያ ወር ቆጣሪው ይቆማል እንጂ ወደ ዜሮ አይመለስም። ሜይ 10 ግሪክ ሲገባ የቀረው 50 ቀን ነው፤ ጁን 28 ላይ ያልቃል። በዚህ መንገድ በ90 የሼንገን ቀን የአራት ወር ጉዞ ሠራ ማለት ነው። ለወራት የሚዞሩት ልምድ ያላቸው ተጓዦች ብልሃታቸው ይኸው ነው፦ ከሼንገን ውጪ ያሉትን አገሮች መሀል ላይ ማስገባት። ደግነቱ ባልካኖቹ (ከላይ የዘረዘርኳቸው እነ አልባኒያና ሰርቢያ) ርካሾችም ናቸው፤ ቀንም ኪስም አንድ ላይ ያርፋል።

የአውሮፓ ኮሚሽን በነጻ የሚገኝ የቀን ማስሊያ ድረ ገጹ ላይ አለው። በጣት ከመቁጠር እሱን ተጠቀሙ። ከቀን ያለፈ ሰው ቅጣት፣ ከዚያም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገባ መታገድ ሊደርስበት ይችላል። እኔ ብሆን ሁለት ሦስት ቀን ለመጠባበቂያ እተዋለሁ። በረራ ይሰረዛል፣ የባቡር ሠራተኛ አድማ ይመታል። ፈረንሳይ ውስጥማ አድማ ከወቅቶች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ለሁሉም እኩል ይሠራል?

አይሠራም። የሚወስነው የያዛችሁት ወረቀት ነው። እዚህ ላይ በእኛ ሰው ዘንድ የሚዞረው ወሬ ከእውነታው በጣም ስለሚርቅ ዘርዘር ላድርገው።

የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለአጭር ቆይታ ቪዛ አያስፈልገውም። 90/180 የሚሉት ደንብ ግን ይይዘዋል። ወደፊት ከመሄዱ በፊት በኢንተርኔት ኤቲያስ የሚባል ፈቃድ ማውጣትም ይኖርበታል፤ በ2026 መጨረሻ እንዲጀመር የታሰበ ሲሆን ክፍያው 20 ዩሮ ነው። ብሪታንያ ደግሞ የራሷን ተመሳሳይ ፈቃድ ጀምራለች፤ አሜሪካውያን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እንዲያወጡት ይጠበቅባቸዋል።

ግሪን ካርድ ያለው ነገር ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህን ደግሜ ልጻፈው መሰለኝ፤ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርዱ የሚጠቅመው አውሮፓ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለሚቀይር ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠየቀውን የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስቀርለታል። ከኤርፖርቱ ወጥቶ ፍራንክፈርት ከተማ ቡና ለመጠጣት አያገለግልም።

ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከነፓስፖርቱ ወደ ሌሎቹ አባል አገሮች ያለ ቪዛ መሄድ ይችላል። እዚያም ቆይታው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 አይበልጥም፤ የሚኖርበት አገር ግን አይቆጠርበትም።

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚያመለክት ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው በሕጋዊ መንገድ በሚኖርበት አገር ነው። ለየትኛው ኤምባሲ? ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር። 12 ቀን ጣሊያን፣ 9 ቀን ፈረንሳይ፣ 9 ቀን ስፔን ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያርፈው ፓሪስ ቢሆን እንኳ ማመልከቻው የጣሊያን ነው። ቀኖቹ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው መጀመሪያ የሚገባበት አገር የሚታየው። «እገሌ ኤምባሲ ቶሎ ይሰጣል» እየተባለ በማይሄዱበት አገር ማመልከት ለመከልከል ጥሩ ሰበብ ነው።

ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ፣ ማረፊያ፣ የደርሶ መልስ መስመርና የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። በቀን ስንት ዩሮ ማሳየት እንደሚያስፈልግ አገሩ ይወስናል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ተጨማሪ ነገር አለ። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በበቂ ሁኔታ አልተባበረችም ብሎ የቪዛ አሰጣጡን አጠበቀ። የተለመደው የ15 ቀን መልስ ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ለጀርባ ቦርሳ ተጓዥ ትልቁ ጣጣ ይኸኛው ሁለተኛው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ መዞር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን መስመሩ ሌላ ዓይነት ነው። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሦስት ቦታዎች ዓይን ይፈልጋሉ። አንዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይናገራል። ሁለተኛው ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል፤ 01 ከተጻፈ አንድ ጊዜ ነው። ሦስተኛው የመቆያ ቀን ብዛት ነው። ከመቼ እስከ መቼ የሚለው 45 ቀን ሆኖ የመቆያው ቀን 30 ሊሆን ይችላል። ያ ልዩነት ቀን ለመቀያየር የተሰጠ ክፍተት ነው እንጂ ተጨማሪ ቆይታ አይደለም። የሚገዛችሁ 30ው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ባቀረባችሁት መስመር ልክ ስለሆነ፣ «ረጅም» የተባለው ጉዞ በዚህ ፓስፖርት ሦስት አራት ሳምንት መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ይሻላል።

01 ማለት ደግሞ ከሼንገን አንዴ ከወጡ በቀሩት ቀኖች መመለስ የለም ማለት ነው። አወጣጡ ሳይታሰብ ሊሆን ይችላል። ከሊዝበን ወደ አቴንስ በኢስታንቡል በኩል የሚያልፍ ርካሽ በረራ ያወጣችኋል። ከቡዳፔስት ወደ ሰርቢያዋ ቤልግሬድ የሚሄድ አውቶቡስ ያወጣችኋል። በፈረንሳይና በስፔን መሀል ተራራ ላይ የተቀመጠችው አንዶራ እንኳን ሼንገን አይደለችም። ሳን ማሪኖ፣ ሞናኮና ቫቲካን ግን የድንበር ፍተሻ ስለሌላቸው ችግር የለም።

በጣም የምወደው ምሳሌ ዱብሮቭኒክ ነው። ይህች የክሮኤሺያ ከተማ ከቀረው የአገሩ ክፍል በየብስ የተቆረጠች ናት። ቦስኒያ በኔዩም ከተማ በኩል ወደ 20 ኪሎ ሜትር የምትሆን የባሕር ዳርቻ መሀላቸው ላይ አላት። ድሮ ከሌላዋ የክሮኤሺያ ከተማ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በመኪና የሚሄድ ሁሉ ቦስኒያ ገብቶ ይወጣ ነበር። በጁላይ 2022 የፔልዬሻጽ ድልድይ ተከፈተና መንገዱ ከክሮኤሺያ ሳይወጣ ዱብሮቭኒክ ደረሰ። አንዳንድ አውቶቡስ ግን አሁንም በአሮጌው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ቪዛችሁ 01 ከሆነ ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት «በድልድዩ ነው የሚሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግሪክም እንዲሁ ናት። ከጣሊያን ወይም ከክሮኤሺያ በየብስ ቀጥታ ከወረዳችሁ ባልካኖቹ መሀል ላይ አሉ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከጣሊያን ወደቦች ከባሪ ወይም ከአንኮና ወደ ግሪኩ ወደብ ፓትራስ የሚሻገረው መርከብ ነው፤ ሌሊቱን ስለሚጓዝ የአንድ ሌሊት አልጋ ያተርፋል። ሁለተኛው ከ2025 ወዲህ የተከፈተው ነው፦ ሃንጋሪ፣ ሮማኒያ፣ ቡልጋሪያ፣ ግሪክ። ረጅም ነው፤ ግን ከአውሮፓ ርካሽ መስመሮች አንዱ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት መስመር ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ገንዘቡ የት ነው የሚያልቀው?

ሰው ሁሉ ስለ ውድና ርካሽ አገር ያወራል። ልዩነቱ አለ። ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ዴንማርክ ኪስ ይላጫሉ። ፖላንድ፣ ሮማኒያ፣ ቡልጋሪያና ባልካኖቹ ያስተነፍሳሉ። በአውሮፓ በጋ (ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት) ፓሪስ ወይም አምስተርዳም አንድ የሆስቴል አልጋ 40 ወይም 50 ዩሮ ሲጠራ፣ ክራኮው ወይም ሶፊያ ላይ ከ15 እስከ 20 ዩሮ ማግኘት ይቻላል።

ግን በጀት የሚያፈርሰው አገሩ ብቻ አይደለም። መንቀሳቀሱ ነው። አንድ የጉዞ ቀን ምን ምን እንደሚያስወጣ ቁጠሩት። የአውቶቡስ ወይም የባቡር ቲኬት አለ። ወደ መናኸሪያው የሚወስድ የከተማ ትራንስፖርት አለ፤ ሌላው ጋ ስትደርሱ ደግሞ እንደገና። አልጋ የሚለቀቀው ረፋድ ላይ ነው፣ የሚሰጠው ከሰዓት ነው፤ በመሀል ቦርሳ ማስቀመጫ ይከፈላል። ወጥ ቤት ስለሌለ ምግብ ይገዛል፣ ያውም በጣቢያ ዋጋ። ትናንት የገዛችሁት ዘይትና ፓስታ ሆስቴሉ ይቀራል። በአንድ ወር አሥር ከተማ ያየ ሰው ይህን አሥር ጊዜ ይከፍላል። አራት ከተማ ያየ አራት ጊዜ። ለዚህ ነው አንድ ከተማ ሳምንት ተቀምጦ ዙሪያውን ደርሶ መልስ ማየት የሚረክሰው። የከተማ ቆጣሪዎች በዚህ አይስማሙም፤ መብታቸው ነው።

የባቡር ፓስ ያዋጣል?

ፓስ ማለት አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለተወሰኑ ቀናት በብዙ አገር ባቡር የሚያሳፍር ቲኬት ነው። ሁለት ስም አለው። አውሮፓ ለሚኖር ኢንተርሬል፣ ከአውሮፓ ውጪ ለሚኖር ዩሬል ይባላል። የሚለየው መኖሪያ እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚገዛው ኢንተርሬል ነው። 33 አገር ይሸፍናል። እስከ 27 ዓመት ለሆነው ቅናሽ አለ።

የተደበቀው ነገር የወንበር ማስያዣ ነው። የፈረንሳይ፣ የስፔንና የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ፓስ ለያዘም ቢሆን ለብቻ የሚከፈል ማስያዣ ይፈልጋሉ። በፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ቴጄቪ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ነው፤ ከለንደን ፓሪስ በሚሄደው ዩሮስታር ወደ 30 ያሻቅባል። ለፓስ የተመደበው ወንበር ካለቀ ደግሞ አለቀ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ግን አብዛኛው ባቡር ዝም ብሎ መሳፈር ነው። ስለዚህ ፓስ የሚያዋጣው ረጅም ርቀት፣ በመሀል አውሮፓ፣ እቅዱን እየቀያየረ ለሚሄድ ሰው ነው። ቀኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ቲኬቱን ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ በተናጠል መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ምሥራቅ አውሮፓ ለሚዞርማ ፓስ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ቲኬቱ ራሱ ርካሽ ነው፣ አውቶቡሱ ከዚያም ይረክሳል።

ጀርመን ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ለሚቆይ ዶይችላንድቲኬት የሚባለውን ልጠቁም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። በመላው አገሪቱ የከተማ አውቶቡስ፣ የምድር ውስጥ ባቡርና የክልል ባቡሮች ያሳፍራል። ፈጣኑን ባቡር ኢሴኤ (ICE) አይነካም። ኦስትሪያ ያለችው ሳልዝበርግ ጣቢያ ድረስም ያደርሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየወሩ ራሱን የሚያድስ ነው። ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ካልሰረዛችሁት የሚቀጥለውንም ወር ያስከፍላል። ሉክሰምበርግ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ ከፌብሩዋሪ 29፣ 2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርቷ ለማንም ነጻ ነው፣ ለእንግዳም ጭምር።

የ15 ዩሮው በረራስ?

በረራው እውነት ነው፤ 15 ዩሮው ግን መነሻው ነው። ራያንኤርና ዊዝኤር በመሠረታዊው ዋጋ የሚፈቅዱት ከወንበር ሥር የሚገባ፣ 40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ቦርሳ ብቻ ነው። ለወራት የሚበቃ የጀርባ ቦርሳ ከዚያ ይበልጣል። በር ላይ ሲለካ የሚከፈለው ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ራያንኤር ከኖቬምበር 2025 ወዲህ የወረቀት መሳፈሪያ አይቀበልም፤ ስልክ ላይ መሆን አለበት፤ ባትሪውን አስቡበት። ኤርፖርቱም ስሙን ያህል ቅርብ ላይሆን ይችላል። «ፓሪስ ቦቬ» ከፓሪስ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአውቶቡሱን ዋጋ ስትደምሩት ባቡሩ ያን ያህል ውድ አልነበረም ለካ ያሰኛል።

ሆስቴል እንዴት ያለ ቦታ ነው?

ሆስቴል ክፍል ሳይሆን አልጋ የሚያከራይ ማረፊያ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ሆስቴል በ1912 ጀርመን ውስጥ፣ አልቴና በሚባል ግንብ ተከፈተ። ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት እስከ 16 ሰው በተደራራቢ አልጋ ይተኛል። የሴቶች ብቻ ክፍል ያላቸው ብዙ ናቸው። አልጋው ሥር ወይም ግድግዳው ላይ መቆለፊያ ሳጥን አለ፤ ቁልፉን (ጓጉንቸሩን) ግን እናንተ ናችሁ የምታመጡት። ከቤት ትንሽ ቁልፍ ይዞ መሄድ እዚያ በእጥፍ ከመግዛት ያድናል። የጆሮ መድፈኛም እንዲሁ፤ የሚያንኮራፋ ሰው የሌለበት የ12 ሰው ክፍል አላየሁም።

ስትመርጡ ወጥ ቤት ያለውን ምረጡ። በአንድ አልጋ አምስት ዩሮ ጨምሮም ቢሆን ያዋጣል። ቅዳሜና እሑድ ዋጋው ስለሚጨምር ትልልቆቹን ከተሞች በሥራ ቀን፣ ትንንሾቹን በዕረፍት ቀን ማድረግ ነው። ብዙ ከተሞች የቱሪስት ግብር አላቸው። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ የማረፊያውን ዋጋ 12.5 ከመቶ ትወስዳለች። አንዳንዴ ግብሩ ቡክ ስታደርጉ ሳይሆን ስትደርሱ ነው የሚጠየቀው።

«አልጋ በነጻ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ሥራ» የሚል ማስታወቂያም ታያላችሁ። በቱሪስትነት የገባ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም፤ ደመወዝ ባይኖረውም እንደ ሥራ የሚቆጥሩ አገሮች አሉ።

ሆድስ?

ሱፐርማርኬት ነው መልሱ። ሊድልና አልዲ የሚባሉት ርካሽ ሱፐርማርኬቶች በብዙ አገር አሉ። ግን ጀርመንና ኦስትሪያ እሑድ ሱቅ ይዘጋሉ፤ ቅዳሜ ማታ ያልገዛ እሑድን በጣቢያ ሳንድዊች ያሳልፋል። ሬስቶራንት ካማራችሁ ምሳ ሰዓት ግቡ። ስፔን የቀኑ ምግብ የሚባል አለ፤ ሁለት ሳህን፣ ዳቦና መጠጥ በአንድ ዋጋ። ፖላንድ ከኮሚኒስቱ ዘመን የተረፉ «የወተት ቤት» የሚባሉ ካፊቴሪያዎች አሏት፤ ሾርባና ፒሮጊ (በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ምግብ) በጥቂት ዩሮ ያጠግባሉ። ጾም ላይ ለሆነ ሰው ለአስተናጋጁ «ቪጋን» ብሎ መንገር ይበቃል፤ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ውኃ አትግዙ። ሮም ውስጥ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሱ ወደ 2,500 የሚጠጉ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሉ።

ስልክና ካርድ

በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም ካርድ በሌሎቹም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል፤ ከ2017 ጀምሮ ደንብ ነው፣ የዳታው መጠን ገደብ ቢኖረውም። ስዊዘርላንድ ግን የለችበትም። በባቡር ከሚላን ወደ ዙሪክ ስትሻገሩ ዳታውን ካላጠፋችሁት ሒሳቡ ይመጣል። ብሪታንያና ባልካኖቹም ከደንቡ ውጪ ናቸው።

ኤቲኤም «በራስህ አገር ገንዘብ ላስላልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ። ማሽኑ የሚጠቀመው የራሱን ምንዛሪ ነው፤ ለእናንተ የሚጠቅም ሆኖ አያውቅም። ባላችሁበት አገር ገንዘብ፣ ማለትም በዩሮ፣ በዝሎቲ ወይም በፎሪንት ይሁን ብላችሁ ምረጡ።

ድንበር ላይ ምን ይጠየቃል?

ቪዛ መያዝ ወይም ከቪዛ ነጻ መሆን መግባትን አያረጋግጥም። የድንበር ፖሊሱ የት እንደምታርፉ፣ መቼ እንደምትወጡ፣ በምን እንደምትኖሩ መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ሆስቴል፣ የመውጫውን ቲኬት፣ ኢንሹራንሱንና የባንክ ሒሳቡን ፎቶ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት ቦታ አስቀምጡ። የኤርፖርቱ ዋይፋይ እዚያ ሰልፍ ላይ አይደርስም።

ከገባችሁ በኋላም ፓስፖርቱን ሆስቴል ትታችሁ ሌላ አገር አትሻገሩ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ፍተሻ መልሳለች፤ ሌሎችም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ። ከሳልዝበርግ ወደ ሙኒክ የሚሄደው ባቡር ላይ ፖሊሶች ገብተው ወንበር ለወንበር ሊፈትሹ ይችላሉ። የሚያዩት ዋናውን ፓስፖርት ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም።